የቺንጋው ሰም

ቦንጋ ላይ ልብስ ማጠብ ችግር ሆኖ አያውቅም። ውሃው ከላይም ከታችም ሞልቷል። ችግሩ ማድረቅ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ የተሰጣ አንሶላ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ይወርዳል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሌላ አገር ለማጠብ ይገዛ ይሆናል፤ እኛ ጋ የሚፈለገው ለመጭመቁ ነው። የማይጨምቅ ማሽን ትልቅ ባልዲ ነው፤ ያውም መብራት የሚበላ ባልዲ።

ዳገቱ ላይ አልጋ ቤት ያላት ሴትዮ «አልጨምቅ ብሎኛልና ቶሎ ድረስልኝ» ብላ የላከችብኝ ክረምቱ ገና እንደገባ ነበር። እሷ ቤት የሚያድረው ሾፌር ነው፣ ቡና ነጋዴ ነው፣ ለስብሰባ ከዋጫ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እርጥብ አንሶላ ላይ ከነዚህ አንዱም አይተኛም። ማሽኑ አሮጌ ነው። ድሮ ፕሮጀክት ይዘው የመጡ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተዉት፣ በፊት ለፊት የሚከፈት፣ መስኮቱ ክብ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነው።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ ጃንጥላዋን እንኳ አላጠፈችም።

«ገደለችብኝ» አለች።

«ማን?»

«ማን ይሆናል፣ ያቺ አጣቢዋ ናታ! ከትናንት ወዲያ አባረርኳት። እጇ የነካው ነገር አይተርፍም። ለጎረቤቱም ነግሬያለሁ፣ ማንም ቤቱ እንዳያስገባት።»

አጣቢዋን አውቃታለሁ። ከማንኪራ የመጣች ናት፤ ማሽኑ ሳይመጣም በፊት እዚያው ግቢ በእጇ ስታጥብ ዓመታት ያስቆጠረች፣ ከኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ ሴት። ሌላ ሥራ የላትም። ቦንጋ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። አንዷ «እቃ ታበላሻለች» ካለች፣ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ በሳምንቱ ለማጠብ በር ብታንኳኳ የሚከፍትላት የለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያን ቀን ምንም አላሰብኩም። የመጣሁት ለማሽኑ ነበር።

ማሽኑን ከግድግዳው ስቤ አዞርኩት። የጀርባው ክዳን ዙሪያውን በብሎን መታሰር ነበረበት። የያዘው ግን በሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ እነሱም ላልተው በእጅ የሚፈቱ። ልቤ ያኔ ጠረጠረ። ክዳን በሁለት ብሎን ብቻ የሚተው ሰው ቦንጋ ውስጥ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ።

ክዳኑን ሳነሳ የማር ሽታ መጣ። ቺንጋው፣ ማለት የሞተሩን ኃይል ልብስ ወደሚይዘው ከበሮ የሚያደርሰው ቀበቶ፣ የሚዞርበት ትልቁ ፑሌጃ ላይ ሰምና የልብስ ብናኝ ተጋግሮ እንደ አሮጌ ቆዳ ጠቁሯል። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ አሸት አደረግሁት፤ ለስልሶ መስታወት ሆኗል። እንዲህ ያለ ቺንጋ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይጎትታል፣ ልብሱን ያገላብጣል። ፍጠን ሲሉት ግን ይንሸራተታል። ሞተሩ ብቻውን ይሮጣል፣ ከበሮው ቆሞ ያየዋል። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ሰሙ የማን እንደሆነም አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ወፍጮ መናገር አለብኝ። ጉልምስናዬን የጨረስኩት ሺሺንዳ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። የወፍጮ ቺንጋ ከሸራ የተሠራ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሲደርቅ እንደ አሳማ ይጮኻል። ሲጮህ ሰም እንቀባዋለን። ሰሙ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ቺንጋው ይይዛል፣ ጩኸቱ ጸጥ ይላል። ሰም ደግሞ ካፋ ውስጥ ፍለጋ የሚያስኬድ ነገር አይደለም፤ ጠጅ የሚጥል ቤት ሁሉ ሰፈፉን በገንዳ ይጥለዋል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሲቀባ አይቼ ነው፤ እሱም ከሱ በፊት ከነበረው። ማናችንም ለምን እንደሚሠራ አናውቅም። ይሠራል፣ በቃ።

ከወፍጮ ቤቱ የወጣሁት በአውራ ጣቴ ነው። ባለቤቱ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ «የዓመት ፈቃድህ ነው፣ ፈርም» አለኝ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ወረቀቱ የሚለው ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን ነበር። አቤት ልል ወደ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ጣቱ የርስዎ አይደለም?» አለችኝ። የኔ ነው። 

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት። ወንበሩ የሕጻናት ስለነበር ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ይውል ነበር። አስተማሪዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። አፌ የለመደው ካፊኖኖ ነው፤ ወረቀት ግን የሚናገረው አማርኛ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ተማርኩ። ማንበብ ስጀምር ዓይኔ ተገለጠ የሚሉ አሉ። የኔ ዓይን ቀድሞም አልተጨፈነም። የጎደለኝ ሌላው የጻፈብኝን ውሸት ማወቅ ብቻ ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ከአራት ዓመት በፊት ይኸው ማሽን ሲጮህ ያየሁት እኔ ነኝ። ከፈትኩት፣ ቺንጋው ደርቋል። አዲስ ቺንጋ ጅማ ነው ያለው። ከኪሴ ሰም አወጣሁና እንደ ወፍጮው ቀባሁት። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ብልህ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አጣቢዋን ጠርቼ አሳየኋት፦ ሲጮህ ሶኬቱን ትነቅያለሽ፣ ሁለቱን ብሎን በእጅሽ ትፈቻለሽ፣ ጥፍር የምታህል ሰም ከውጭ ወደ ውስጥ ትቀቢያለሽ። የቀሩትን ብሎኖች እንዳያስቸግሯት ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። የወፍጮ ቺንጋ ሸራ ነው፣ ይኼ ጎማ ነው። ጎማ ሰም አይጠጣም። እየቆየ ይለብሰዋል እንጂ። ይህን ያወቅሁት አሁን ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ነው።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰም።»

«ሰም! አላልኩህም? ማሽኔን እኮ ጧፍ አደረገችው! ለየትኛው ታቦት ልታበራው ነው?» በራሷ ቀልድ ትንሽ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ደግሞ ምን እንደምትል ታውቃለህ? ‹ሠሪው ነው ቀቢ ያለኝ› ትላለች። አንተን! ዓይኗን በጨው አጥባ። ብለሃታል እንዴ?»

ሰው ለመዋሸት ሁልጊዜ ውሸት መናገር አያስፈልገውም። እኔ ያልኩት «ማሽን ላይ ሰም ማን ይቀባል?» ነው። ጥያቄ ነው። መልሱን ለሷ ተውኩላት፤ እሷም ሳትውል ሳታድር ወሰደችው።

«እኮ! ለእድሩ ዳኛም የምነግረው ይህንኑ ነው።»

ነገሩ እድር ደርሷል ማለት ነው። ሁለቱም ሴቶች የአንድ እድር አባል ናቸው፤ እኔም ነኝ። የኛ እድር ሬሳ ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ አባል ከአባል ሲጣላም ያያል። አጣቢዋ ለዳኛው «ያላጠፋሁትን አጠፋሽ ተባልኩ፣ ስሜ ጠፋ» ብላ አመልክታ ኖሯል። ዳኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰው ወሬ አይወዱም፤ ወረቀት ይወዳሉ። ማሽኑን የሚያየው ሰው ያገኘውን በጽሑፍ ያምጣ፣ እሑድ አባላቱ ፊት ይነበባል ብለዋል።

ለምን እንደዚያ መለስኩ? ቀላል ነው። ቦንጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የሚነካው ሁለት ሰው ነው፤ እኔና አንድ ከጅማ በዲፕሎማ የመጣ ጎረምሳ። እሱ ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የለም። ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። ማሽን በሰም ገደለ ከተባልኩ ከተማው ሁሉ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ የሷ ስም ይሄዳል፣ ወይ የኔ። እኔ የራሴን ያዝኩ።

ቺንጋውን ለጅማ ሾፌር ናሙና አድርጌ ላክሁት። እስኪመጣ ፑሌጃውን አወጣሁና በቢላ እየፋቅሁ በቤንዚን አጠብኩት። የአራት ዓመት ሰም ነው። እየፋቅሁ ሳየው እንደ ዛፍ ቀለበት ተደራርቧል፤ ስስ፣ እኩል እኩል። የቀባው ሰው አንድም ቀን አላበዛም። ይህን ሌላ ማንም አላየም፤ እኔ ግን አየሁት።

ረቡዕ ከገበያ ስመለስ ድልድዩ አጠገብ ካጣቢዋ ጋር ተገጣጠምን። እንሰት ቅጠል በራሷ ላይ ደፍታለች፤ ባዶ ሳፋ ጎኗ ላይ ይዛለች። ቤት ለቤት ዞራ መምጣቷ ነው። ብቻችንን ስንገናኝ የምናወራው ካፊኖኖ ነው። ያን ቀን ግን መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ደህና ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰም ይዘሃል?»

እጄ ሳላስበው ወደ ኪሴ ሄደ።

«ጉልበቴ ይጮኻል። ዳገት ስወጣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከውጭ ወደ ውስጥ ነው አይደል የሚቀባው?»

ጀሪካን ተሸክማ የምታልፍ ሴት ነገሩ ሳይገባት ሳቀች።

«ጠይቀውኝ እኮ...» አልኩ።

«ሰማሁ የመለስከውን። ‹ማን ይቀባል› አልክ አሉ። እኔ ነኛ የቀባሁት! አራት ዓመት ሙሉ። አንተ ባልከኝ ጊዜ፣ አንተ ባልከኝ ልክ። ጸሎት እንኳ እንደሱ አልያዝኩም።»

«በኋላ እንነጋገራለን።»

«ከኔ ጋር ምን ትነጋገራለህ? እኔ ቀድሞም አውቀዋለሁ።» ሳፋዋን ወደ ሌላው ጎኗ አዛውራ ሄደች።

ቺንጋው ዓርብ መጣ። ገጠምኩት፤ ባለ አልጋ ቤቷን ከሳሎን ጠርቼ አንሶላ አስገባን። ከበሮው መጀመሪያ እንደ ሰነፍ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ውሃውን ተፋ፣ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ተነሳ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አንሶላው ሲወጣ ግማሽ ደረቅ ነው። ሴትዮዋ ማሽኑን እንደ ላም ጀርባ መታ መታ አደረገችው። ያመጣሁትን አዲስ ብሎን ዙሪያውን አስሬ ጨረስኩ።

«በል እንግዲህ ጻፍልኝ» አለችና ከደብተር ወረቀት ገንጥላ ሰጠችኝ። «ሁለት መስመር ይበቃል። ‹ሠራተኛዋ ሳትታዘዝ በሰም ስላበላሸችው ሠርቻለሁ› በል፣ ፈርም።»

«ቤቴ ሄጄ ነው የምጽፈው። እጄ ይዘገያል።»

እውነቴን ነው፣ እጄ ይዘገያል። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሌላው ሰው ምሳውን በልቶ ይጨርሳል።

ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ እኔ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። የመጀመሪያው ላይ የጻፍኩት «ማሽኑ በሰም ምክንያት ተበላሽቷል» የሚል ነው። ደግሜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ማን ቀባ፣ ማን ቀቢ አለ፣ አይናገርም። እድር ፊት ቢነበብ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው፤ ማንም ደግሞ ዋሸህ ሊለኝ አይችልም። ጽሑፌም አምሯል፤ እንደዚያ ያማረ ጽፌ አላውቅም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቢያየው ይቀጥረኝ ነበር። ሌላ ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው ጣት ሲያስፈርም ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁ። ምንም አይሰማውም። ቀላል ነው።

ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩ። ሦስተኛው ላይ ቀለም ፈሰሰ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«ሰም ቀቢ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ለወፍጮ የሚሆን ነው፣ ለዚህ ማሽን አይሆንም፣ አላወቅሁም ነበር። የጀርባውን ክዳን በሁለት ብሎን የተውኩት እኔ ነኝ። እሷ የታዘዘችውን በልኩ አድርጋለች። የማሽኑ ባለቤት ስትጠይቀኝ አድበስብሼ መልሻለሁ።»

ከሥሩ በእጄ ፈረምኩ። በእጄ ስል ሙሉ ስሜን ጻፍኩ ማለቴ ነው።

ለዳኛው ከመስጠቴ በፊት ወደ አጣቢዋ ወሰድኩት። ማንበብ አትችልም፤ እድር ፊት ድንገት እንድትሰማው አልፈለግሁም። ግባ አላለችኝም። እኔ ጣሪያው ሥር ቆሜ፣ እሷ በሩ ውስጥ ቆማ አነበብኩላት።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

«አንድ ቀረ።»

«ምን ቀረ?»

«ሶኬቱ። ሶኬት ሳልነቅል እጄን ከትቼ አላውቅም። እሱን ጻፍ።»

«ለነገሩ አያስፈልግም እኮ። ማሽኑን ያበላሸው ሶኬቱ አይደለም።»

«ስለ ማሽኑ ማን ጠየቀህ? ማሽኑ እየዞረ ነው። የያዘችውን የማታውቅ ደንቆሮ ናት የተባልኩት እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ወረቀቱ ሞልቷል። የሚቀር ቦታ በጎን በኩል ያለው ጠርዝ ብቻ ነው። ሳፋዋን ገልብጣ ሰጠችኝ፤ በሱ ላይ አስደግፌ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙሬ፣ ፊደሎቹን አጨናንቄ ጻፍኩት። ጣቴን በዓይኗ እየተከተለች አየች። ምን እንደተጻፈ ባታውቅም የት እንደተጻፈ አየች።

በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልጨርሰው። ሁለቱ ሴቶች በሽማግሌ ፊት ይቅር ተባባሉ። ባለ አልጋ ቤቷ «ተመለሽ» አለቻት፤ እሷ «ማሽኑ ከግቢው ሲወጣ እመለሳለሁ» ብላ አንድ መምህር ቤት በእጇ ማጠብ ጀመረች። ማሽኑ አሁንም ይዞራል። እኔ ጋ ይመጡ ከነበሩት ደንበኞች ብዙዎቹ ወደ ባለዲፕሎማው ሄደዋል። አልጸጸትም አልልም። በክረምት እጅ አጣጥፎ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ደስ አይልም።

ያን እሑድ ግን የእድሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ማንበብ ሲጀምሩ ዝናቡ ስለጠነከረ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰም ቀቢ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ባለዲፕሎማው ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ትከሻው ግን ይስቅ ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ምላስህን ምን ያዘው?» አለች ባለ አልጋ ቤቷ።

«ፍርሃት» አልኩ።

 ዳኛው እስከ ስሜ ድረስ አነበቡና ወረቀቱን ሊያጥፉ ሲሉ፣ ከሴቶቹ በኩል አጣቢዋ ብድግ አለች።

«አንድ ቀረ።»

«ምን ቀረ?» አሉ ዳኛው። «ጨረስኩት እኮ።»

«አልጨረሱም፣ የኔታ። በጎን በኩል አለ።»

ዳኛው ወረቀቱን ገለበጡ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ጎን አዞሩት። መነጽራቸውን አስተካከሉ። የኔን የተጨናነቀ ፊደል እየለቀሙ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አነበቡት፦

«ማሽኑን በነካች ቁጥር ሶኬቱን ትነቅል ነበር።»

እሷም እሺ አለችና ተቀመጠች።